የወደቡ ሰላይ ያላለው

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ወንበር ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ፍርፍር አለ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ኑርሃን ከፊት ወንበር ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበርና ምን እንደሚያስቃቸው ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ግን፣ ወላሂ፣ ደሟ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ፈላ። የሚሳቀው በአባቷ ነው። በሞተ ሰው! ያውም እሱን ለማስታወስ ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ!

አባቷን ቃሲምን የማያውቅ የሸዋ ሮቢት ሰው የለም። ድሮ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ነበረችው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳለት ባልንጀራው ሽፈራው ነው፤ ዛሬ ሸብቶ ጋሼ ሽፈራው የምንለው። ካሴቶቹ ከጅቡቲ በሚመለሱ ሾፌሮች እጅ ስለሚመጡ አብዛኞቹ የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው። በከተማው ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ፍጥረት አልነበረም፣ ከቃሲም በቀር። ማይክሮፎኑን ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማል፤ ፈረንጁ አፉን በከፈተ ቁጥር እሱ በአማርኛ ይናገርለታል። ሲያስለቅስ ያስለቅሳል፤ ሲያስቅ ሆድ ያስይዛል። ሰዉ ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለእሱ አፍ ጭምር ነበር የሚገባው።

ከሁሉ የተወደደው «የወደቡ ሰላይ» የሚሉት የቆየ የወንጀል ፊልም ነበር። ሁለት ፖሊሶች ማንነታቸውን ደብቀው ዕፅ አዘዋዋሪዎች መሃል ይገባሉ። አንዱ ይነቃበትና ይገደላል። ሌላው እዚያው እየበላ፣ እዚያው እየተኛ፣ የአዘዋዋሪውን እህት ያፈቅራል። መሃል ላይ ሰላዩ ወደቡ ዳር ካለች የስልክ ቤት ይገባል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ ግራ ቀኙን አይቶ እጀታውን ያነሳል። ያኔ ቃሲም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእህትየው እንዲህ ይላል፦

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። የምጠራበት ስም የእኔ አይደለም። የለበስኩት ልብስ የእኔ አይደለም። የምበላበት ገበታ፣ የምተኛበት ቤት፣ አንዱም የእኔ አይደለም። አንቺ ስትገቢ የሚደነግጠው ይሄ ልብ ግን የእኔ ነው። ቆላ ለቆላ ስሄድ ውሃ ቢያልቅብኝ ስምሽን እየጠራሁ እዘልቃለሁ። ቤተሰቦችሽ በሩን ቢዘጉብኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፤ ፀሐይም ያግኘኝ ዝናብም ያግኘኝ አልነሳም። አንቺ ብቻ አንድ ጊዜ ዞር ብለሽ እዪኝ።»

ይህን ንግግር በቃሉ ያልያዘ ጎረምሳ አልነበረም። ከማጀቴ እስከ ጣርማ በር ስንቷ ልጅ በዚህ ንግግር ተለምናለች! ስንት ትዳር ቆሞበታል! የኑርሃን እናት የከዲጃ ትዳር ራሱ የቆመው በእሱ ነው።

ከዲጃ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ዘመዶቿ ስማቸው የሚጠራ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ግመል ጭነው የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ እሷም ለአጎቷ ልጅ ታጭታ ነበር። አክስቷን ልትጠይቅ ሸዋ ሮቢት ወርዳ ሳለ ከአክስቷ ልጆች ጋር ተሸፋፍና ቪዲዮ ቤት ገባች። ሰላዩ ስልክ አንስቶ ሲናገር ሰማች። አለቀላት! ያንኑ ፊልም እየደጋገመች ለማየት ተመላለሰች፤ ዓመት ሳይሞላ ያን የቆርቆሮ ቤት ሰው ተከትላ ቀረች። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ዓይኗን አላዩም።

ከዚያስ? ከዚያማ ቃሲም ቤት ሲገባ ዱዳ ሆኖ ቁጭ! «ሻይ አለ?» እና «በሩ ተዘግቷል?» ከማለት በቀር ቃል የለውም። ክፉ አልነበረም፤ አይማታም፣ አይሰድብም፣ ያገኘውን ያመጣል። ግን ዝም። ከዲጃ ይህን ዝምታ ዕድሜ ልኳን ስታላምጠው ኖረች። «እኔ ቂል!» ትል ነበር ለልጇ። «ማሩን የሠራው ሌላ፣ እኔ ያገባሁት ማሰሮውን። አስተርጓሚ ነው ያገባሁት። ቃሉን ሁሉ ለፈረንጅ ሰጥቶ ጨርሶ ባዶ አፉን ይዞ መጣ።» እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ይህን ማለቷን አልተወችም።

እንግዲህ ሙዐዊያ የመጣው እዚህ ቤት ላይ ነው። አባቱ አዲስ አበባ ባለ ሕንፃ ናቸው፤ እሱ ግን ካሜራ ተሸክሞ አገር ላገር እየዞረ ዘጋቢ ፊልም ይሠራል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ኑርሃን አስፋልቱ ዳር ከከፈተቻት ጭማቂ ቤት ገብቶ የማንጎ ጭማቂ አዘዘ። ጠጥቶ ሲጨርስ ሌላ አዘዘ። ሦስተኛው ላይ ኑርሃን «ወንድሜ፣ ሆድህን ያምሃል» አለችው። «ካመመኝ ማን ያስታምመኛል?» ብሎ ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ምን ዋጋ አለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የደሴ መንገድ ሁሉ በሸዋ ሮቢት የሚያልፍ ሳይሆን ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያልቅ ሆነበት።

አፉ ይጣፍጣል። ከዲጃ የጠላችውም ይህንኑ ነው። «ይሄ ልጅ አፉ ማር ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ማር በልቼ ጥርሴ የረገፈ ሴት ነኝ። ሽማግሌ እንዳይልክ። ከላከ በሩን አልከፍትም፤ አሊዩ አምባ ያሉት ወንድሞቼም አይከፍቱም።» ኑርሃን ለመነች፣ አኮረፈች፣ አለቀሰች፤ እናቷ ወይ ፍንክች! ያለ እናቷ ዱዓ እንዳታገባ ደግሞ ሆዷ አይችልም፤ እናቷ ያለ አባቷ ምርቃት አግብታ ምን ያህል እንደተንገበገበች እያየች ነው ያደገችው። ሙዐዊያ «ተይው ለእኔ» አላት። «የእናትሽን ልብ የሚያራራ ነገር አለኝ። አባትሽን የምናስብበት ቀን እናዘጋጅ። ያን የድሮ ፊልም አገኘዋለሁ። እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ አዳራሽ እንከራያለን። ያልጠበቃችሁትን አሳያችኋለሁ።»

አሳያት!

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ፊልሙ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከሥሩ በአማርኛ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ሙዐዊያ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው አስተርጉሞት ነው። ሰዉ መጀመሪያ ላይ በደስታ አጨበጨበ። ሰላዩ ስልክ ቤቷ ውስጥ ሲገባ አዳራሹ ፀጥ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ንግግሩን አብረው ሊሉ ከንፈራቸውን አዘጋጁ። ሰላዩ ላቡን ጠረገ። እጀታውን አነሳ። ከሥሩ ጽሑፉ መጣ፦

«አለቃ፣ ዕቃው ሐሙስ ይገባል። አሥራ ሁለት ሳጥን ነው። ከሰማያዊው ክሬን አጠገብ ይራገፋል። ሁለት መኪና ላኩልኝ። ጎማቸው ደህና ይሁን።»

ያኔ ነው ከኋላ አንዱ የፈነዳው። «የቃሲም ያለህ! እኔ ሚስቴን ያገባሁት በአሥራ ሁለት ሳጥን ነዋ!» ሌላው ተቀበለው፤ «ሙሽራዬ፣ ጎማሽ ደህና ነው?» ሴቱ ወንዱ ተንከተከተ። «ለካ ሰውዬው ፈረንሳይኛ የሚባል ነገር አያውቅም!» «ኧረ ስንት ዓመት ሙሉ አሞኘን!» የሽንኩርት ነጋዴው፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ትናንት «ቃሲምን የመሰለ ሰው አልተፈጠረም» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ።

ኑርሃን ወደ እናቷ ዞረች። ከዲጃ ፊደል ትቆጥራለች፤ ጽሑፉን አንብባዋለች። አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ብድግ አለች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብላ ወጣች። ሳቁ እሷ ባለፈችበት እየበረደ ሄደ። ኑርሃን ልትከተላት ስትነሳ ግን አንድ ነገር አየች። ግድግዳው ጥግ የቆመችው የሙዐዊያ ካሜራ አፏን አዙራ እናቷን እስከ በሩ ድረስ ሸኘቻት። ሙዐዊያ ከካሜራዋ ኋላ ቆሞ ነበር የሚያዞራት። በዚያች ደቂቃ ኑርሃን የጠላችውን ያህል ሰው ጠልታ አታውቅም።

*

ከአዳራሹ ውጪ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ያዘችው። ሙቀቱ ይፋጃል፤ የእሷ ፊት ግን ከሙቀቱ ይብሳል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ኑርሃን፣ ቆይ ላስረዳሽ…»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ! አባቴ ከልቡ ፈጥሮ ይናገር እንደነበር፣ ዛሬ ሰው እንደሚስቅበት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ። «ግን ይስቃሉ ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ ኑርሃን፣ ይደነቃሉ ነበር ያልኩት። አባትሽ እኮ ድንቅ ሰው ነው! አንድ ቃል ሳይገባው ያን የመሰለ ነገር…»

«አንድ ቃል ሳይገባው!» ጮኸች። «እንዲህ ብለህ ነው አዲስ አበባ ለጓደኞችህ የምታሳየው? ‹የቆላ ሰው ቂልነቱን እዩልኝ› ብለህ? እናቴ ዕድሜዋን የሰጠችው በዚያ ቃል ነው። ቤተሰቧን የከሰረችው በዚያ ቃል ነው። አንተ ደግሞ በከተማው ፊት ልብሷን ገፈፍካት፤ ገፍፈህም አልበቃህ፣ ቀረጽካት!»

«ካሜራውን ማጥፋት ነበረብኝ። ልክ ነሽ። እጄ ለመደና…»

«እጅህ ይሰበር!»

ይህን ስትል ድንግጥ አለች፤ ግን አልመለሰችውም። ጋሼ ሽፈራው ከአዳራሹ ወጥተው ከዘራቸውን እየጎተቱ መጡ። ጠብ ማብረዳቸው ነው፤ ሰውዬው ክፋት የላቸውም። «ተይ ልጄ፣ ተይ» አሉ። «እሱ አባትሽን አክባሪ ነው። ገና መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመጣ ለት እኔ ቤት አይደል እንዴ የገባው? ‹ቃሲም ስለሚባለው የቪዲዮ ቤት ሰው ንገሩኝ፤ ቤተሰቡ አለ ወይ?› ብሎ ሲጠይቀኝ ዋለ። ጭማቂ ቤቱን ያሳየሁት እኮ እኔ ነኝ።»

ኑርሃን ጋሼ ሽፈራውን አየቻቸው። ከዚያ ሙዐዊያን አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

«ሦስት ጭማቂ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ለእኔ ብሎ ነው የጠጣው ብዬ… አላህ ያሳይህ! ስሜን እንኳ አውቀህ ነው የገባኸው?»

«አውቄ ነበር።»

«የመጣኸው ለእኔ ነው ወይስ ለአባቴ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ቃልማ ሞልቶታል። «መጀመሪያ ለአባትሽ» አለ።

ጥፊ ቢያቀምሳት ይሻላት ነበር። ስንት ሌሊት የተገላበጠችበት፣ ስንት ጊዜ ከእናቷ የተጣላችበት፣ እዚያች ደቂቃ ላይ ሁሉም ገበያ ላይ እንደተዘረገፈ ዕቃ ሆነባት። «ከፊልሙ ሰውዬ ትብሳለህ» አለችው። «እሱ እንኳ ሌባ ሊይዝ ነው ቤታቸው የገባው። እኛ ምን ሰርቀንህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም። በቤቴም በሱቄም ደጃፍ እንዳላይህ።» ዞራ ሄደች። እንባዋ መጣ፤ እንዳያይባት ፈጠነች። በመንገዱ ሁሉ ደረቷ ውስጥ የሚነድደው ነገር ግን ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

*

ቤት ስትደርስ ከዲጃ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ኑርሃን እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እማዬ፣ አንገትሽን እንዳትደፊ። ነገ እያንዳንዳቸው ደጃፍ ሄጄ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ያን ልጅ ደግሞ አባርሬዋለሁ። ልክ ነበርሽ። ከመጀመሪያው ልክ ነበርሽ። ሽማግሌ አይልክም፤ እኔም…»

«ዝም በይ እስቲ» አለች ከዲጃ። ልጇን አልሰማቻትም። ከበሩ ጋ ቆመው ልግባ አልግባ የሚሉትን ጋሼ ሽፈራውን ነበር የምታየው። «ሽፈራው፣ ና። ግባ። ቁጭ በል።»

ገቡ። ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ፈረንጁ ስለ ሳጥን ነው ያወራው?» አለች ከዲጃ።

«እንግዲህ… እንደተጻፈው ከሆነ…»

«‹ቆላ ለቆላ ስሄድ› አላለም?»

«ፈረንጅ ቆላን የት ያውቀዋል፣ ከዲጃ?»

«‹ዞር ብለሽ እዪኝ› አላለም?»

ሽፈራው ኮፍያቸውን አሽከረከሩ። ለመናገር ብዙ ዓመት የዘገዩ ሰው ፊት ነው የነበራቸው። «ቃሲም ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር» አሉ። «የሚያወራው ሁሉ ከራሱ ነው። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው። የስልኩ ላይ ነገር ደግሞ… መጀመሪያ እንዲያ አልነበረም። ሰላዩ ስልኩን ሲያነሳ ‹ሽጉጥ ላኩልኝ፣ ተከብቤያለሁ› ነበር የሚያስብለው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው ያሳየነው። አንቺ ከአክስትሽ ልጆች ጋር የገባሽ ቀን ጄኔሬተሩ ጋ ሆኜ ስሰማ፣ ሰላዩ ሌላ ነገር ይናገራል። ምን ነካው ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቃሲም ቴሌቪዥኑን ትቶታል። የሚያየው ሴቶቹ የተቀመጡበትን አግዳሚ ነው። አንቺን።»

ከዲጃ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«በኋላ ጎረምሳው ‹ያችን ድገም› እያለ አስቸገረ፤ በዚያው ቀረች።»

«ለምን አልነገረኝም?» ድምፅዋ ሲወጣ ኑርሃን ደነገጠች። «ለምንድን ነው ያልነገረኝ ሽፈራው!»

«ፈራ። ‹የትልቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቋንቋ አዋቂ ነው ብላ ነው የተከተለችኝ። ውሸታም መሆኔን ካወቀች ወደ አባቷ ትመለሳለች› ይለኝ ነበር። ቤት ውስጥ አፉን ከከፈተ ደግሞ ያው የሰላዩ አነጋገር ሊወጣበት ነው፤ ታውቂበታለሽ። ‹ዝም ብል ይሻላል› አለ። ከዚያ ዝምታው ለመደው። በመጨረሻው በታመመ ጊዜ ‹ንገራት እንጂ› ስለው፣ ‹አሁንማ አፍራለሁ› አለኝ።»

ከዲጃ ብድግ አለች። አግዳሚው ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«አፍራለሁ!» ጮኸች። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልነበራትም። «አፍራለሁ አለ! እኔስ? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን እንደ ግድግዳ አጠገቡ ተኝቼ! አባቴ ዓይኔን ሳያየኝ ሞተ፤ ‹ላንድ ዱዳ ብዬ ነው› እያልኩ ደረቴን ስመታ ኖርኩ! በዚያች ፊልም ላይ ባለች ባለቀይ ቀሚስ የአዘዋዋሪው እህት ቀናሁ፣ ሽፈራው! በፈረንጅ ሴት! ምን አላት ብዬ፣ እሷን ይሄን ሁሉ ሲሏት እኔን ‹ሻይ አለ?› ብቻ ይሉኛል ብዬ…» ድምፅዋ ተሰበረ። «ስልኩ ወዲያ ማዶ የነበርኩት እኔ ነኝ? እኔን ነበር የሚያናግረው?»

«አንቺን ነበር» አሉ ሽፈራው።

«አላህ ይይልህ ቃሲም!» አለች ከዲጃ። «አንተ ሰውዬ፣ ምነው! ምነው! በአፍህ ባትችል እንኳ አንድ ቀን ብትጠቅሰኝ! እኔ እኮ ያኔውኑ ዞር ብዬ አይቼህ ነበር!»

ከዚያ አለቀሰች። ባሏን በቀበሩበት ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ኑርሃን እናቷን አቀፈች፤ የምትይዘው ገላ በሐዘን ሳይሆን በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷን ወደደችውም ጠላችውም። ሰው እንዴት የገዛ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ይሞታል?

የግቢው በር ተንኳኳ። ሙዐዊያ ነበር። ካሜራውን አልያዘም። የካሜራውን ካርድ በመዳፉ ይዞ ገፍቶ ለመግባት እየፈራ ደፉ ላይ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ ጣርማ በር ተራሮች አዘንብላ ፊቱን ታበራበታለች፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«እትዬ ከዲጃ» አለ። «ዛሬ የቀረጽኩት ሁሉ ይኸው። ሌላ ቅጂ የለኝም። ይስበሩት፣ ያቃጥሉት፣ የፈለጉትን ያድርጉት።»

ኑርሃን ልታባርረው አፏን ስትከፍት እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ከዲጃ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«እሱን ኪስህ ክተት» አለችው። «የምፈልገው አንተን ነው። ና ወዲህ ቅረብ። ቁም እዚህ ጋ። ከኋላው የምትደበቅበት ካሜራ የለህም፤ ፊልም የለህም፤ የምታነሳው የሞተ ሰው ታሪክ የለህም። አሁን ልጄን እያየህ፣ ምን እንደምትፈልግ በአፍህ ተናገር። ጣፋጭ ቃል እንዳታመጣብኝ፤ ጣፋጭ ከሆነ በዚህ አግዳሚ ነው የምፈነክትህ።»

ሙዐዊያ ወደ ኑርሃን ዞረ።

«እኔ…» አለ። «ኑርሃን፣ እኔ… ዋሽቼሻለሁ። ለፊልም ነው የመጣሁት። ጭማቂውን ያዘዝኩት አንቺን ለማናገር ምክንያት ስፈልግ ነው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ግን… ሦስተኛውን ያዘዝኩት መሄድ ስላቃተኝ ነው። ሆዴን አሞኛል፣ የምሬን ነው፤ ደብረ ሲና ላይ መኪና አስቁሜ ወርጃለሁ።» ጋሼ ሽፈራው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ከዲጃ በዓይኗ አፈጠጠችባቸው። «ከዚያ በኋላ የመጣሁት ሁሉ ለአንቺ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደመጣሁ ከነገርኩሽ ታባርሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ። የዛሬውንም የእናትሽን ልብ አገኝበታለሁ ብዬ ነው እንጂ… አላወቅኩበትም። አንቺን ማግባት ነው የምፈልገው። ሌላ… ሌላ የምለው የለኝም።»

ያ ሁሉ አፍ ይህችን ለማለት ተንተባተበ። ጆሮው ቀልቷል። ኑርሃን ይህን ሰውዬ ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም ነበር፤ ያወቀችው ሌላውን፣ ዓይን እያየ የሚቀልደውን ነው። ይሄኛው ተራ ሰው ነው፤ የሚፈራ፣ የሚሳሳት። ደረቷ ውስጥ ያለው እሳት ግን አልበረደላትም። «መጀመሪያ ለአባትሽ» ያላት አሁንም ይለበልባታል። የእናቷ ከአዳራሽ አወጣጥ አሁንም ዓይኗ ላይ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ ብትል ውሸት ነው።

ሙዐዊያ ዝምታዋን አየ። መልሷ መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ገብቶኛል» አለ። «ልክ ነሽ። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። አላስቸግርሽም።» ከዲጃን እጅ ነሥቶ ወደ በሩ ተመለሰ። በሩን ከፈተ። አንድ እግሩን አወጣ።

«የት አባህ ትሄዳለህ!»

ኑርሃን ድምፅዋ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። ሙዐዊያ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ማን ሂድ አለህ?» ኑርሃን ጮኸች፤ እንባዋ ይወርዳል። «በአንተ ቤት ነገሩ አለቀ? ተናግረህ አራግፈህ ውልቅ! እኔ የት ላድርገው ይሄን ሁሉ? እንደ እናቴ ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ ይዤው ልዙር? እኔስ ልናገር አይገባኝም? ገና አልነካሁህም! ገና ስለ ካሜራው አልነገርኩህም! ገና ስለ ሌሊቶቹ አልነገርኩህም! ንዴቴን ሳልጨርስ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ ትልና ታየኛለህ!»

ከዲጃ ልጇን አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተገለበጠውን አግዳሚ አቃናች። «ተነስ ሽፈራው» አለች። «እኛ ወደ ቤት እንግባ።»

ኑርሃን በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች፤ አግዳሚውን በጣቷ አሳየችው።

«ቁጭ በል» አለችው። «ረጅም ነው።»

ሙዐዊያ በሩን ዘግቶ ተመልሶ ተቀመጠ።